ማኅተም ያለበት ወረቀት

ስካይላይን የሚል ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ እስካሁን ልቤ ድንግጥ ይላል። ከውጭ ለሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ሰነድ ሳዘጋጅ ስንትና ስንት ፋይል በእጄ አልፏል፤ የዚያ ሐሙሱ ግን አልወጣልኝም።

ደንበኛው ጠና ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ሲመኙት የኖሩት አንድ መኪና ነበር፤ ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር፣ አር34። ጃፓን ካለ ሻጭ አገኙት፣ ቀብድ ከፈሉ፣ ቀሪውን እኛ ወረቀቱን አይተን ስንጨርስ ሊልኩ ተስማሙ። ፎቶዎቹ ዓይን ይስባሉ። ሰማያዊ ቀለም፣ ሰፋ ያለ ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ትልቁ ክንፍ። ጋሼ ቢሯችን በመጡ ቁጥር ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩን ነበር፤ እኛም በየጊዜው እንደ አዲስ እናይላቸው ነበር።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደምል ያውቃል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር የለውም። የሞዴሉ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር፤ በቃ። የመኪናው ማንነት ያለው ከሰረዙ በፊት ባሉት ጥቂት ፊደላት ውስጥ ነው። እውነተኛው ጂቲአር ቢኤንአር34 ነው፤ 2.6 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ወንድሙ ኢአር34 ደግሞ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ሆኖ በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል። ኢአርም ጥሩ መኪና ነው፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። የዋጋቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ፓራውልቱን፣ ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑንና ክንፉን ቀይሮ ኢአሩን ጂቲአር ማስመሰል ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። ባለቤቱ ለራሱ ደስታ ቢያደርገው ምንም ነውር የለውም። ነውሩ ሲሸጠው ስሙንም አብሮ ከቀየረው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ገጽ መጣ። አንደኛው መኪናው ወደ ውጭ ሊላክ ከመዝገብ መሰረዙን የሚያረጋግጠው የጃፓን መንግሥት ሰርተፊኬት ነው፤ በጃፓንኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት። ሁለተኛው ሻጩ ራሱ የተየበው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ሁሉም ሰው የሚያነበው ሁለተኛውን ነው። እኔም ጃፓንኛ አላነብም። ግን ኦሪጅናሉ ላይ ኮዶቹና ቁጥሮቹ የሚታተሙት ማንም ሊያነባቸው በሚችል የላቲን ፊደልና አሃዝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስጠጋሁ ወደ ታች መውረድ ልማዴ ነው።

ትርጉሙ ላይ ቢኤንአር34። ኦሪጅናሉ ላይ ኢአር34።

ዓይኔ መስሎኝ ማስመሪያውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ ታች ወረድኩ። የሞተር ሞዴል፦ ትርጉሙ አርቢ26 ይላል፤ ኦሪጅናሉ አርቢ25። የሞተር መጠን፦ በትርጉሙ 2.56 ሊትር፤ በኦሪጅናሉ 2.49። መጀመሪያ የተመዘገበበት ዓመት በትርጉሙ 1999 ነው። ኦሪጅናሉ ግን የሚቆጥረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሆነ የሄይሴይ 10 ይላል። በሄይሴይ ቁጥር ላይ 1988 ይደመራል፤ 1998 መጣ። ጂቲአር አር34 ደግሞ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1999 ነው። በ1998 ሰሌዳ የወጣለት ቢኤንአር34 ሊኖር አይችልም።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ወደ ክፍል ኃላፊያችን ገባሁ። ንግግራችን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«የፊደል ስህተት ነው» አሉኝ፣ ትርጉሙን ብቻ አይተው።

«ስህተቱ ትርጉሙ ላይ ነው እንዴ? ኢአር የሚለው እኮ ኦሪጅናሉ ነው። ሞተሩም ዓመቱም አይገጥምም።»

«መርከቡ ሰኞ ነው የሚነሳው። ሻጩ ሌላ ገዢ አለኝ ብሏል። ሰውየው መኪናውን ይፈልጉታል፣ ቀብድም ከፍለዋል።»

«ለዚህ እኮ ነው ቀሪው ከመላኩ በፊት...»

«ስሚኝ» አሉ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ። «አንቺ ሰነድ ታዘጋጃለሽ እንጂ መኪና አትመርጪም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳብሰለሰልኳት አልነግራችሁም። መጀመሪያ ምን መመለስ እንደነበረብኝ አሰብኩ። ቆይቶ ደግሞ ትክክል ይሆኑ ይሆን እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ። የሥራ መደቤ በእርግጥ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ግን ሰነድ ማዘጋጀት ማለት የተላከልኝን ወረቀት ቀዳዳ በስቶ ፋይል ውስጥ ማስገባት ከሆነ እኔን መቅጠር ለምን አስፈለገ?

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ኮፈኑ የተከፈተበት አንድም የለም። ከሥር የተነሳ የለም፤ ቢኖር የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክረው ዘንግ መኖር አለመኖሩ ይታይ ነበር። የውስጡ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከውጭ በመስታወቱ በኩል የተነሳ፣ ፀሐይ ያረፈበት። ጂቲአሩ ዳሽቦርዱ መሐል ላይ የቱርቦውን ግፊትና ሌላውን የሚያሳይ ባለ 5.8 ኢንች ስክሪን አለው። ኢአሩ እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ክብ ጌጆች ነው ያሉት። ፎቶውን አጎላሁት። ከነጸብራቁ ሥር የክብ ጠርዝ የሚመስል ነገር አየሁ፤ አንድ፣ ከጎኑ ሌላ። በዚያ ብቻ አልምልም ነበር። ከሰርተፊኬቱ ጋር ሲደመር ግን በቃኝ።

ስልኩን አንስቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ደንበኛ በኃላፊው በኩል እንጂ በቀጥታ አይደወልለትም፤ አውቃለሁ። ወደ ባንክ እየሄዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን እንዳይልኩ። ሰርተፊኬቱ የሚለው ሌላ ነው።»

«ትርጉሙ እጄ ላይ ነው እኮ ልጄ። ጂቲአር ነው የሚለው።»

«ትርጉሙማ ይላል። ዋናው ግን አይልም።»

«ታዲያ የትኛውን ልመን?»

«ማኅተም ያለበትን።»

ዝም አሉ። የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል፣ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ እሳቸው ግን የሉም። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «መኪናው የለም ማለት ነው?» አሉኝ።

«መኪናውስ አለ ጋሼ። እርስዎ የሚያውቁት መኪና አይደለም እንጂ።»

ምን አለ ሌላ ቃል ባገኝ ኖሮ። ሃያ ዓመት የተመኙትን ነገር በስልክ፣ መንገድ ላይ ቆመው ሳሉ ነጠቅኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሻጩ ሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር፣ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳልን ጠየቅን። የላከው በሪቬት የተመታችውን የብረት ሰሌዳ ነው፤ በእርግጥም ቢኤንአር34 ትላለች። ሪቬት ግን ይነቀላል፣ መልሶም ይመታል። ላሜራው ላይ የተቀረጸውን ማጥፋት ከባድ ነው፣ ቢያጠፉትም ምልክቱ ይቀራል። በድጋሚ ስንጠይቀው መኪናው ለሌላ ሰው ተሽጧል አለ። ቀብዱ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ላይ ኃላፊው «አሠራራችን ደንበኛን ከትልቅ ኪሳራ አድኗል» ሲሉ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ያለ ፈቃድ ለደንበኛ በመደወሌ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሁለቱም በአንድ ቀን።

ይህን ስጽፍ ግን የምደብቀው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ከዚያ ሐሙስ ሦስት ሳምንት በፊት፣ ቀብዱ ሊከፈል ሲል፣ የመጀመሪያውን ፕሮፎርማ ያየሁት እኔ ነኝ። የሻንሲ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ «በኋላ ይገለጻል» ተብሎ ነበር። አልፌዋለሁ። መኪናው ጃፓን ውስጥ በጨረታ ሲሸጥ የሚወጣለት የምርመራ ወረቀትም በኮምፒውተር እንደገና የተየበ ነበር፤ ደረጃው 4.5፣ ጉዳት የሌለበት። ከጨረታ ቤት የሚወጣው ወረቀት እኮ አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው በእጁ የሚጽፍበት ነው፤ የመኪናው ሥዕል ላይ ጭረት ያለበትን ኤ፣ የጎደጎደውን ዩ፣ የተቀየረውን አካል ኤክስኤክስ እያለ ምልክት ያደርግበታል። የዚህ መኪና እውነተኛ ወረቀት ቢመጣ ኖሮ የሞዴሉ ኮድ ገና ከላይ ይታይ ነበር። አልጠየቅኩም። ፋይሉ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ጋሼ ያጡት ቀብድ የጠፋው በዚያ ቀን ነው እንጂ በሐሙሱ አይደለም። ኃላፊው ላይ ያለኝ ቅሬታ በዚህ አልቀነሰም፤ ግን እሱን ብቻ ተናግሬ ብተወው ለራሴ አላምርም።

ጋሼ ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሌላ መኪና ሊገዙ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አብረን ተቀመጥን፤ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። የተቀረጸው ቁጥር ፎቶና ኦሪጅናሉ የጨረታ ወረቀት ሳይመጣ ቀብድ የሚባል ነገር የለም። የባንክ ሂሳቡ ስም ከሻጩ ድርጅት ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፤ «ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ ምንም አይላክም። ሲአይኤፍ (የመርከብ ጭነትና መድን ያካተተ ዋጋ) ተባለ ማለት ሙሉ መድን አለ ማለት አይደለም፤ ሻጩ የመግባት ግዴታ ያለበት ትንሹን፣ አንቀጽ ሲ የሚባለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ስርቆትንም ጭረትንም አይሸፍንም። በማስታወሻ ደብተር ጻፉት። ሲጨርሱ «ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉኝ፣ ያለ ቁጣ። መልስ አልነበረኝም።

መሥሪያ ቤታችን አሁን የማረጋገጫ ቅጽ አለው። ኃላፊው ናቸው ያዘጋጁት። ሦስተኛው መስመር «ኦሪጅናሉ ከትርጉሙ ጋር ተመሳክሯል» ይላል፤ ከጎኑ የራይት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ባለፈው ወር አንድ የማዝዳ አርኤክስ-7 ፋይል መጣልኝ፤ ሳጥኑ ላይ ራይት አለ፣ ውስጡ ያለው ግን ትርጉሙ ብቻ ነው። «ኦሪጅናሉ ይያያዝ» ብዬ ጽፌ መለስኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፋይሉ ተመልሶ መጣ። ራይቱ በአዲስ እስክሪብቶ ደምቋል። የተጨመረ ወረቀት የለም። ፋይሉን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ኦሪጅናሉ እስኪመጣ ድረስ አልፈርምም።