ሹፌሩ ቁርስ አልበላም

ከከተማ ወጥቶ ወደ ዳር ሰፈሮች የሚዘልቀውን መንገድ ለማስፋት ቅየሳ ላይ ነበርን። ሰባት ሰዎች፣ አንድ መኪና፣ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ከነሦስት እግሩ። ሥራው በቀን ጥቂት መቶ ሜትር ስለሚገፋ የምንበላበት ቦታም አብሮን ይገፋ ነበር። ትናንት የበላንበት ቤት ዛሬ ከኋላችን ይቀራል፤ የነገውን ገና አላየነውም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ተራ በተራ መሞከር ቀስ በቀስ የቡድኑ ጨዋታ ሆነ።

የቡድኑ መሪ እኔ ስለነበርኩ ቤት የመምረጡንም ሹመት ማንም ሳይሰጠኝ ወሰድኩት። የራሴ መመዘኛ ነበረኝ፦ ደጁ ላይ የቆሙት የጭነት መኪናዎች ብዛት፣ የወለሉ ንጽሕና፣ የአስተናጋጁ ልብስ፣ ምግቡ የሚደርስበት ፍጥነት። ድስቱ ምን ላይ እንደተጣደ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ሥራው አመሸብንና እራት ወለሉ በሴራሚክ ወደተነጠፈ፣ ፊቱ መስታወት ወደሆነ አዲስ ቤት ገባን። ሹፌሩን ጨምሮ አራቱ የሥጋ ሾርባ አዘዙ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቀረበላቸው። «አገልግሎት ማለት ይህ ነው» አልኩ። አንደኛው ልጅ አንድ ጊዜ ቀምሶ «ለብ ያለ ነው» ሲል፣ «እሰይ፣ ምላስህን አያቃጥልህም» ብዬ ቀለድኩበት። ሾርባው እንፋሎት አልነበረውም፤ ስቡ የሳህኑን ዳር ተከትሎ ነጭ ቀለበት ሠርቷል። ይህን ዓይኔ አይቶታል። እኔና ሌሎቹ ሁለቱ ያዘዝነው ዓሣ እስኪጠበስ ሃያ ደቂቃ ስለጠበቅን፣ እኔ የማማርረው ስለ መዘግየቱ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍት ሆኖ ያገኘነው አንዲት የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበር። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፣ አግዳሚዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ባለቤቷ አንድ አሮጊት እናት ናቸው። ሹፌሩ እንቅልፍ አሸንፎት መኪናው ውስጥ ቀረ። ስድስታችን እንቁላል በልተን ወደ ሥራ ተመለስን።

3 ሰዓት ገደማ የመለኪያውን ዘንግ የያዘው ልጅ ዘንጉን መሬት ላይ አጋድሞ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ወዲያው ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ቁርጠትና ተቅማጥ ነው፤ ትኩሳት የለም፣ ትውከትም የለም። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ደህና በመሆኔም ጉልበት አገኘሁ መሰለኝ፣ ለቢሮ ስልክ ደውዬ «ቁርስ የበላንበት ቤት መረዘን» አልኩና በቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት አመራሁ።

እናት ሦስት ደንበኞች እያስተናገዱ ነበር። በሰዎቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ከደንበኞቹ ሁለቱ ሳህናቸውን ገፍተው ተነሡ። እናት እጃቸውን በሽርጣቸው አብሰው፣ «ልጄ፣ እንቁላሉን ፊትህ ነው የሰበርኩት፤ ከእሳት አውርጄ በቀጥታ ነው የሰጠሁህ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እኔም አልሰማኋቸውም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሹፌሩም መሪውን ይዞ እያላበው ነበር። የተቀበለን ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ ስለ ቁርሱ የጀመርኩትን ክስ አላስጨረሰኝም። ወረቀት አወጣ፣ የሰባታችንን ስም ከላይ ወደ ታች ጻፈ፣ የበላነውን ሁሉ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ በየስማችን ትይዩ ሞላ። ከዚያ ብዕሩን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ሹፌሩ ቁርስ በልቷል?»

«አልበላም። ተኝቶ ነበር።»

«ታዲያ እሱን ምን አሳመመው?»

ሾርባ የጠጡት አራቱም ታመዋል፤ ዓሣ የበላነው ሦስታችን፣ እንቁላሉንም ጨምረን በልተን፣ ምንም አልሆንንም። ከእራቱ እስከ ሕመሙ 14 ሰዓት ገደማ አለ። መኮንኑ ያለ ላቦራቶሪ እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይቻል አስቀድሞ ነገረኝና፣ የሚጠረጥረውን ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አስረዳኝ። ዘሩ ከፍላት ይተርፋል። ትልቅ የሥጋ ድስት ከእሳት ወርዶ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃና ይራባል፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሕመሙ የሚጀምረው ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ሰው ሁልጊዜ የሚከሰው መጨረሻ የበላበትን ቤት ነው። የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደጋለ ይቆይ፣ ወይ በጥልቀት በሌለው ዕቃ ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ዳግም ሲሞቅም ለብ ማለቱ አይበቃም፣ መሐሉ ድረስ ይጋል። በሁለት ደቂቃ የመጣው ሾርባ ስንት ሰዓት ተቀምጦ እንደነበር የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እኛ ቀያሾች የአንድን ነጥብ ከፍታ ስንለካ ወደ ተነሣንበት ነጥብ ተመልሰን ልዩነቱን ሳናይ ቁጥሩን አንቀበልም። ጀማሪ ሠራተኛ ይህን ቢዘል የምቆጣው እኔ ነኝ። በእናት ላይ ግን አንድ ንባብ ይዤ ፈረድኩ፤ እሱንም በጭስ ከጠቆረ ግድግዳ ላይ ነበር ያነበብኩት።

አንድ ቀን ተኩል ሥራ ቆመ። ከዚያ የከበደኝ ቢሮው በስልኬ ተነሥቶ ለሌሎቹ ቡድኖች ያስተላለፈው ማሳሰቢያ ነበር፦ በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ቤቶች እንዳትመገቡ። የመኮንኑን ሰንጠረዥ ገልብጬ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። ማሳሰቢያው ከአራት ቀን በኋላ ተሻረ። መኮንኑ የመስታወቱን ቤት ጉዳይ ለምግብ ተቆጣጣሪዎች አስተላልፌአለሁ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወደ እናት ሄድኩ። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ደስ አለኝ፤ በሰው ፊት የሰደብኩትን በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነበርና። ቆሜ ተናገርኩ። እናት አንገታቸውን ሳያቀኑ ሰሙኝና በእጃቸው ወደ አግዳሚው አመለከቱኝ። መጥበሻውን ጣዱ። ከዚያ ሁለት እንቁላል ይዘው እኔ ዘንድ መጡ፣ አንዱን አንሥተው ፊትና ጀርባውን አሳዩኝ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ።

«አየህ?» አሉ።

«አየሁ።»

ሄደው ሰበሩት።