ቤቱን ሁሉም አየው፣ ጉድጓዱን ማንም አላየውም

ባሕር ዳር ከተማ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ አስቀድሜ ይህን ልንገራችሁ፦ የባንክ ገማች ቤት አይመረምርም። ገማቹ ካሬ ይለካል፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ይመዘግባል፣ ዋጋ ያወጣል፣ ይሄዳል። የሚጠብቀው የባንኩን ብድር እንጂ የእኔን ጤና አይደለም። ደላላው፣ የሻጩ ወኪል፣ የገዛ ወንድሜ ሳይቀር «ባንክ አይቶታል እኮ፣ ምን ቀረሽ?» ሲሉኝ ከረሙ።

ካርታው፣ የእግድና የዕዳ ማጣሪያው፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ሒሳብ ያለ ችግር አለቀ። በዚህ በኩል የምጽፈው የለኝም።

ስለ ቀብድ ግን አንድ ነገር። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣይ» ብሎ ቢወተውተኝም ምርመራው ሳያልቅ አልሰጠሁም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ተጠቀሙባት። ግድ ሆኖባችሁ ቀድማችሁ የምትሰጡ ከሆነ፣ በምርመራ ጉድለት ከተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ አስፍሩ። ደላላ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ይጥቆር።

ቤቱ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ ከጣና ሐይቅ ብዙ አይርቅም። ቤት ሲገዛ የሚመረምር ራሱን የቻለ ባለሙያ ስላላገኘሁ አንድ መሐንዲስና አንድ ፎርማን ቀጠርኩ። መሐንዲሱ ኮለኖቹንና ቢሞቹን አየ፣ የመሠረቱን ጠርዝ አስቆፈረ፣ «ጤነኛ ነው» አለ። ፎርማኑ ግን ልስኑን በጣቱ እያንኳኳ ዞረ፤ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የጣሪያውን እንጨት ለምስጥ ፈተሸ፤ ከዚያ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀለሙ እስከ ጉልበት ድረስ አዲስ ነበር፣ ከዚያ በላይ አሮጌ። በጥፍሩ ሲፍቀው ከሥሩ ነጭ ጨው ወጣ። እርጥበት ከመሬት ወደ ግድግዳ እየወጣ ነው ማለት ነው። ከሁለት አንዱን ብቻ የመቅጠር አቅም ካላችሁ ፎርማኑን ቅጠሩ፤ መሐንዲሶች ይቀየሙኝ እንጂ ይህን አልመልስም።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ። መሐንዲሱን «ሴፕቲክ ታንኩንስ?» ብዬ ብጠይቀው «የእኔ ሥራ ስትራክቸር ነው» አለኝ። ክዳኑ ከግቢው ሊሾ ሥር ተቀብሯል። ወኪሉ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ስለሚኖር ወንድሙ ነው በውክልና የሚሸጥለት፣ ሊሾው አይሰበርም አለ። «በኮንክሪት የተሠራ ነው። ገብተን ከኖርን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተመጥጦ አያውቅም» እያለ ማለ። ይህ እንደ ምስጋና ነው የተነገረኝ። ለዓመታት የማይሞላ ታንክ ግን የያዘውን ወደ አፈሩ የሚያፈስ ታንክ ነው። የግቢውን የውሃ ጉድጓድም በኩራት ነበር ያሳየኝ፦ «ገመዱ አያደክምሽም፣ ውሃው ቅርብ ነው።» ሚያዝያ ነበር፤ ሐይቁ ወደ ዝቅተኛው ከፍታው የሚወርድበት ጊዜ። ያኔም ከመሬት እስከ ውሃው ሦስት ሜትር አይሞላም። የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍና ዝቅ ይላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይህ ጉድጓድ የት እንደሚደርስ ማሰብ አያቅትም።

ታዲያ የጸደቀውን ፕላን ልይ ብዬ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። መጀመሪያ ሠራተኛው የለም፣ ስብሰባ ነው። ሲገኝ «ፕላን የሚሰጠው ለባለቤት ነው» አለ። ወኪሉን ይዤ ተመለስኩ። ውክልናውን ከላይ እስከ ታች አንብቦ «መሸጥ ይላል፣ ሰነድ ማውጣት አይልም» አለን። ቤቱን በሙሉ ሊሸጥልኝ የሚችል ሰው የቤቱን ሥዕል ኮፒ ሊያሳየኝ አይችልም! ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁ፤ እሷም ካርታው ንጹሕ ከሆነ ሌላው «የገዢና የሻጭ ጉዳይ» እንደሆነ ነገረችኝና ማመልከቻ ጽፌ እንድጠብቅ አዘዘች። ጻፍኩ። ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥር ተሰጠው፣ መዝገብ ቤት ገባ። እዚያ ወንበር ላይ ያሳለፍኩትን ጊዜ እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የማንንም ምስጢር አልጠየቅኩም፤ ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ነው የጠየቅኩት።

መፍትሔው ከቢሮ አልመጣም። ሰፈሩ ውስጥ ፍሳሽ የሚመጥጥ መኪና ቆሞ አየሁና ረዳቱን ያን ግቢ ያውቀው እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። «እትዬ፣ ያን ግቢማ በየጥቅምቱ እንገባበታለን። ስንመጥጥ የሚመጣው ውሃ ነው፤ መኪናው ይሞላል እንጂ ጉድጓዱ አይጎድልም።»

ይህን ለወኪሉ ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ ሊሾው እንዲሰበር ፈቀደ። ኮንክሪት የለም። ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ፣ ከሥሩ ባዶ አፈር። ፎርማኑ ድንጋይ ያሰረበትን ገመድ በሁለቱም ጉድጓዶች አወረደና ውኃ ልኩን አስተካክሎ ለካ፤ የሽንት ቤቱም የመጠጡም ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ነበር። ቤተሰቡ በዚያ ውሃ ሲያበስል ነው የኖረው።

ቤቱን ገዛሁት፤ እናንተ ግን የግድ እንዲህ አድርጉ አልልም። ፎርማኑ አዲስ ታንክ የሚፈጀውን ብረት፣ ሲሚንቶና የእጅ ዋጋ ዘርዝሮ ጻፈልኝ፤ ያን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከዋጋው አስቀነስኩ። ወኪሉ እስካሁን «አስጨንቃ ነው የገዛችው» እያለ ያማኛል። ልክ ነው፣ አስጨንቄዋለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ግማሹ ከመሬት በላይ የሆነ፣ ውሃ የማያስገባ የኮንክሪት ታንክ አሠራሁ። ማስረጊያ የለውም፤ መሬቱ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ የሚሰርግበት ቦታ የለም። ሲሞላ መኪና እጠራለሁ። የግቢው ጉድጓድ ውሃ አሁን ለአትክልት ብቻ ነው።

መሐንዲሶች ቤት በበጋ እዩ ይላሉ፤ ዋልካ መሬት ሲደርቅ ስለሚኮማተር የግድግዳ ስንጥቅ የሚከፈተው ያኔ ነው። ለስንጥቅ እውነት ነው። ለሐይቅ ዳር ሰፈር ግን እኔ በመስከረም መጨረሻ እዩ እላለሁ። መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎረቤቱንም ጉድጓድ ለኩ፤ የመምጠጫ መኪና ሠራተኞችን ከደላላው በፊት አነጋግሩ።

የፕላኑ ኮፒ ስሙ ወደ እኔ ከዞረ በኋላ በባለቤትነቴ ጠይቄ ተሰጠኝ። ሴፕቲክ ታንኩ በሥዕሉ ላይ ከግቢው ሌላኛው ጫፍ ነው ያለው፤ ኮንክሪት ነው፣ ጸድቋል፣ ተፈርሞበታል። እዚያ ቦታ ላይ አሁን ያለው የጎረቤቴ ወጥ ቤት ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ድንበሩን ማስለካት ጀምሬያለሁ።