«ማንን ይዘህ ነው ያስቀየርከው?»

እንግሊዝ አገር የየቤቱን ቆሻሻ ማንሳት የአካባቢው አስተዳደር፣ እኛ ስደተኞች «ካውንስል» የምንለው፣ የሕግ ግዴታ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ ነዋሪው ቆሻሻውን በምን ዓይነት ዕቃ ለይቶ እንደሚያወጣ የመወሰን ሥልጣንም ለካውንስሉ ይሰጠዋል። በየደጁ ባለ ጎማ ገንዳዎች ይቆማሉ። ብዙዎቹ 240 ሊትር ይይዛሉ፤ አንዱ ለተራ ቆሻሻ፣ ሌላው ለወረቀት፣ ለጣሳና ለፕላስቲክ። ቀለሙ እንደየካውንስሉ ነው።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እትዬ ቤት ቡና ላይ ይህን ሳወራ እሷ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር። የኔን ገንዳ መኪናው ሲገለብጠው ክዳኑ ተገንጥሎ ጎኑ እንደተሰነጠቀ፣ በኋላም እንደተቀየረልኝ ነግሬያት ነበር። «ታዲያ ማንን ይዘህ ነው ያስቀየርከው?» አለችኝ።

ማንንም አልያዝኩም። የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ አድራሻዬን፣ የገንዳውን ቀለም፣ ተሰብሮ ይሁን ጠፍቶ ሞላሁ፤ ቁጥር በኢሜይል ላኩልኝ። የሚያስከፍሉ ካውንስሎች አሉ፤ የኔው ግን መኪናው የሰበረውን በነፃ ይተካል። ሲዘገይብኝ ደውዬ ቁጥሩን ነገርኳቸው። አንድ ጠዋት አዲሱ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ አሮጌውን ወስደውታል። ያኔ ተከራይ ነኝ፤ ቋንቋውም ገና አልገራልኝም። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ያለኝ የለም። ገንዳው የቤቱ ነው፤ ሰው ቢለቅ እንኳ ለሚቀጥለው ተከራይ እዚያው ይቀራል። ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ ላደግሁት ለኔ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እትዬን ደግሞ የገረማት ሃይላንዱን መጣላችን ነው። እሷ ዘይት ትይዝበታለች፣ ጠላ ትልክበታለች፤ እስኪያረጅ ከቤት አይወጣም። በዚህ እኛን ትበልጠናለች ባይ ነኝ። ችግሩ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየቦዩ የተጣለውን ጠራርጎ ጣና ይከተዋል። ስለ እምቦጩ ሁላችንም እንጮኻለን፤ ይገባልም። ደንገሉ ሥር ስለተሰገሰገው ፕላስቲክ ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማም፤ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ እኮ ነው!

ባለ ጎማ ገንዳ ሽምብጥ ካልመጣ አልልም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ግን እያንዳንዱን ቤት ያውቁታል። አንዷን ምን ብናደርግ እንደሚያግዛት ጠየቅናት። «ከእርጥቡ ለዩልኝ፤ ከተደባለቀ የሚገዛኝ የለም» አለችን። እንግሊዝ አገርም ሕጉ ይኸው ነው፤ ምግብ የነካው ወረቀትና ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ገንዳውን ሳያነሱት ሊሄዱ ይችላሉ።

እትዬ በዚያው ቀን በሩ ሥር ለሃይላንድ ብቻ ባዶ ማዳበሪያ አቆመች። ለጎረቤቶቿም የሚሆን ገዛሁ። የቀረውን እሷ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ልታነሳው ነው።