ቀይዋ ጥጃ

ሱሉልታ ላይ በበረዶ የተቀመጠ የኮርማ ዘር ይዤ እየዞርኩ ላም ማዳቀል ከጀመርኩ ቆየሁ። ዘር ቀየርክ የተባልኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ላሚቱ ጥቁር ክልስ ናት። ባለቤቷ በወተት የሚተዳደሩ እናት ናቸው። በመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ጥጃ ስትወለድ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ላሚቱ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ "ያንኑ ኮርማ አድርግልኝ። ያችኑ የመሰለች ትወልዳለች አይደል?" አሉኝ። ሌላ ቤት ላም እየጠበቀችኝ ነበር። "አዎ እትዬ" ብዬ ወጣሁ።

የተወለደችው ቀይ ናት።

"ዘሩን ቀይረህብኛል!" አሉኝ፣ ገና በሩን ሳልዘልቅ። ጎረቤት ይሰማል። የኮርማው ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ አወጣሁ።

"ወረቀቱንማ የምትጽፈው አንተው ነህ።"

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። ክረምት ከበጋ ጭቃውን የምረግጠው በታማኝነቴ ነው።

ባቄላና ሽምብራ ለመንኳቸው። ባቄላው ጥቁር፣ ሽምብራው ቀይ ይሁን አልኩ። አንድ ሲኒ ለላሚቱ፣ አንድ ለኮርማው። በየሲኒው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ጨመርኩ። ባቄላ ካለ መልኩ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ላሚቱም ኮርማውም ጥቁር ናቸው፤ ቀዩ ተደብቋል። "ዓይንዎን ጨፍነው ከየሲኒው አንድ አንድ ያውጡ።"

ሜዮሲስ የሚሉት ክፍፍል ይኸው ነው። የከብት ህዋስ 60 ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርስ የሚሸከም ክር አለው፣ 30 ጥንድ። ወደ ዘር ህዋስ የሚገባው ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚገባ ዕጣ ነው። ለ30 ጥንድ ዕጣው ከ1 ቢሊዮን በላይ ዓይነት ይወጣዋል። ጥንዶቹ ሳይለያዩ በፊት ቁራጭ በቁራጭ የሚለዋወጡት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ናይትሮጅን ይዤ የምዞረው አንድ ስትሮ፣ ዘሩ ያለበት ቀጭን ቱቦ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር አለው። ሁሉም ከአንድ ኮርማ ነው፤ አንዱ ግን እንደ ሌላው አይደለም።

እትዬ እየመለሱ አወጡ። ባቄላና ሽምብራ። ሁለት ባቄላ። እንደገና ባቄላና ሽምብራ። በአምስተኛው ሁለቱም ሽምብራ ሆነ። ከአራት አንድ ዕድል ነው፤ ቀይ ጥጃ የምትወለደው ያኔ ነው።

መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ታዲያ ልጄ፣ ያን ቀን ለምን አዎ አልከኝ?" አሉ።

መልስ አጣሁ። ዘሩን አልቀየርኩም። የማላውቀውን ግን ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አዳቃይ ነው የሚጠሩት። ቀይዋ ጥጃ አድጋ ወለደች አሉ። ባለፈው በአጥራቸው ሳልፍ አየሁት፤ ጥቁር ወይፈን ነው። ያቺን ሽምብራ ግን ከእናቱ ይዟታል።