የፕሪንስተኑ ጆን ዊዘርስፑን

ዛሬ በአሜሪካ፣ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ናሶ ሆል የተባለውን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ስጎበኝ፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ በ1777 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውጊያ የመድፍ ጥይት በደቡቡ ግድግዳ ላይ የተወውን ጠባሳ ቀረብ ብዬ ተመለከትሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን የያዙት ያኔ ኮሌጅ የነበረው የዚህ ተቋም ፕሬዚዳንት የነበሩት ስኮትላንዳዊው ቄስ ጆን ዊዘርስፑን ናቸው።

ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ ባሕር ተሻግሮ መሄድን በመፍራታቸው ዊዘርስፑን ኮሌጁን እንዲመሩ የቀረበላቸውን የመጀመሪያ ጥሪ አልተቀበሉም ነበር፤ እኚህን ሴት አግባብቶ ያሳመናቸው በኤድንብራ ሕክምና ይማር የነበረው ወጣቱ ቤንጃሚን ረሽ ነው። በ1768 ሥራቸውን ሲጀምሩ ኮሌጁ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ እየዞሩ እርዳታ ሲያሰባስቡ፣ ሲሰብኩና ሲያስተምሩ ኖሩ። ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ማዲሰን ተማሪያቸው ነበር።

በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት መካከል በአገልግሎት ላይ የነበሩት ብቸኛው ቄስ እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ዓመት ልጃቸው ጄምስ በጀርመንታውን ውጊያ ወደቀ፣ ወታደሮች የሰፈሩበት ናሶ ሆልም ክፉኛ ተጎዳ። ልጅ የቀበረ አባት የፈረሰ ትምህርት ቤት መልሶ ለማቆም መነሣቱ እጅግ ያስደንቀኛል።

ሆኖም አንድ ነገር ልቤን ያሳዝነዋል። ነጻ የነበሩ ሁለት አፍሪካውያንን በግል ያስተማሩት እኚሁ ሰው ራሳቸው የባሪያ ጌታ ነበሩ፤ በ1790ም የኒው ጀርሲ ምክር ቤት ባርነትን በሕግ ማስወገድን ሲያጤን፣ እሳቸው የመሩት ኮሚቴ እርምጃውን አልደገፈም። በመጨረሻ ዘመናቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ በ1794 እስኪያርፉ ድረስ በኃላፊነታቸው ላይ ቆዩ።