የቁስቋም ሦስት አጽሞችና የአጎቴ ክንድ

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ኅዳር 6፣ በዓሏ ሲሆን መቆሚያም የለ፤ እኔ ደስ የሚለኝ ጭር ሲል ነው። አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ነበር። እዚሁ ጎንደር ሕክምና ይማራል፤ ካፌ ተቀምጦ እንኳ የሰው ጉልበት ሲያይ የሚውል ልጅ ነው።

በመስታወት የተሸፈነችውን ሣጥን ታውቋታላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ፣ የሦስቱም አጽም አንድ ላይ አርፏል። ትንሽ ሳለሁ እማዬ ስታመጣኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሳለም። አሁን ግን ልጁ መስታወቱ ላይ አጎንብሶ፣ «አክስቴ፣ የቱ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ቄሱ ያውቃሉ» አልሁት።

«ቄሱ ባይኖሩስ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነው። ፍርድ ቤት የሚቆም የአጥንት ባለሙያ፣ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂስት የሚሉት፣ ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል አለኝ። የሚነግረው ሰው በሌለበት። መጀመሪያ የሰው ነው የእንስሳ? መንገድ ሲቆፈር የጥጃ አጥንት ወጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማትብ እኔም አይቻለሁ። ቀጥሎ፣ የስንት ሰው ነው? ሁለት የግራ ጭን አጥንት ከተገኘ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቁመት።

እቴጌዪቱን በዳሌያቸው ይለዩአቸዋል። የሴት ዳሌ ለመውለድ ሰፋ ያለ ነው፤ ፊት ለፊት አጥንቶቹ የሚገናኙበት ማዕዘንም ከወንዱ ይሰፋል። ራስ ቅሉም ያግዛል፤ የወንዱ ቅንድብ ሥርና ከጆሮ ኋላ ያለው እብጠት ብዙ ጊዜ ጎላ ይላል።

ኢዮአስ ደግሞ በሕፃንነቱ ነግሦ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1761 ዓ.ም. ተገደለ። ልጅ ነበር ማለት ነው። የልጅ ረጅም አጥንት ደግሞ ጫፍና ጫፉ ገና ከግንዱ አልገጠመም። ዕድገት ሲያበቃ ነው የሚጋጠም፤ ያውም ሁሉም በየተራው። ከትከሻ ወደ ደረት የሚሄደው ቀጭን አጥንት፣ በደረት በኩል ያለው ጫፉ መጨረሻ ነው፤ ሃያዎቹን ካጋመሱ በኋላ ሁሉ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ባልቴት፣ አንድ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው፣ አንድ ጎረምሳ። «ብዙም አያስቸግርም» አለ፣ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ እንዲህ መኩራራት ቀላል ነው።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። ኢዮአስ በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታንቆ ሞተ ይባላል። አጥንቱ ይህን ይናገራል?

«ላይናገር ይችላል» አለኝ። ከምላስ ሥር የፈረስ ኮቴ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች። ሰው ሲታነቅ አንዳንዴ ትሰበራለች። በልጅ እግር ላይ ግን ክፍሎቿ ገና ስላልተያያዙ ብዙ ጊዜ ትለመጣለች እንጂ አትሰበርም። ሰው ታንቆ አጽሙ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል።

ይህ ነገር ቤት ድረስ ተከተለኝ። ጎንደር ላይ ስለ መታነቅና ስለ ጉድጓድ ሲወራ ወሬው ኢዮአስ ላይ አይቆምማ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የቀይ ሽብርን ክስ ሲያዘጋጅ፣ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ መቃብር አስቆፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ ቡድን ነው፤ መጀመሪያ የራሳቸውን አገር ወታደሮች ያጠፏቸውን ሰዎች ነበር የሚፈልጉት። አዲስ አበባ አካባቢ ከጅምላ መቃብር ካወጧቸው አጽሞች አንገት ላይ የናይለን ገመድ አገኙ። አጥንቱ ዝም ቢል ገመዱ ተናገረ። ለዚህ ነው በአካፋ መዛቅ የተከለከለ። በብሩሽና በትንሽ ማንኪያ አፈሩን ገለጥ፣ ገለጥ። ቁልፍ፣ ጥይት፣ የጫማ ሶል፣ ሁሉም ባለበት ፎቶ ተነሥቶ ይመዘገባል። አንዴ ከተነሣ ተመልሶ አይቀመጥም።

ስብራትም ሦስት ዓይነት ነው። በሕይወት ሳለ የተሰበረ ድኖ ጠርዙ ይከብባል። በሞት ሰዓት የተሰበረው እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ተሰነጣጥቆ፣ ተጣሞ። ከዓመታት በኋላ የቆፋሪ ዶማ የመታው ደግሞ እንደ ጭራሮ ቀጭ ይላል፤ ስብራቱም ከሌላው አጥንት ይነጣል። ለዳኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ወንጀሉን ከዶማው መለየት።

ቁመት የሚለኩበት ግን አላሳመነኝም። ጭን አጥንትን ለክቶ በቀመር ማባዛት ነው፤ ከታወቁት ቀመሮች አንዱ የወጣው ደግሞ በዓለም ጦርነት ከሞቱ የአሜሪካ ወታደሮች አጥንት ነው። የደምቢያን ሰው ቁመት በዚያ? ልጁም ራሱን ነቀነቀ።

የእኛ ቤት አጥንት የለውም። አጎቴ፣ የእማዬ ታናሽ፣ በ1970 ዓ.ም. ማታ ከቤት ወሰዱት። ተማሪ ነበር። ሬሳ አልመጣ፣ ወሬ አልመጣ። ተዝካሩ እስከ ዛሬ አልወጣም። አንድ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ «ይውጣለት እንጂ» ሲል እማዬ «አርባው ከየት ቀን ይቆጠር?» አለች። ማንም መልስ አልሰጣት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ አይታገድም ይላል። የእማዬ ጥያቄ ግን አንቀጽ የለውም።

እሑድ ቡና ላይ ልጁ በቀስታ ጠየቃት። አጽም ቢገኝ እንኳ አጥንት ስም የለውም፤ ስም የሚሰጡት ቤተሰብ ናቸው አላት። ዲኤንኤ የሚመሳከረው ከዘመድ ነው። የጥርሱ፣ የድሮ ስብራቱ ነገርም እንዲሁ። እኔ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «የሙት አጥንት አትነካኩ» ማለት ልማዷ ነው።

እሷ ግን ስኒዋን አስቀመጠች። አጎቴ ዐሥር ዓመቱ ላይ ከዋርካ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ ነው ያሸው። በቅቤ አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር አስሮ። ትንሽ ተጣሞ ነው የገጠመው፤ እናታቸው ወጌሻውን እስክትሞት ረግማዋለች። የልጁ ዓይን በራ። ያ ወጌሻ ጎበዝ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ቢገጥመው ኖሮ ምልክቱ ይህን ያህል አይለይም ነበር።

«የትኛው ክንዱ ነው እማዬ?»

«ግራው» አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ከክርኗ በታች በጣቷ አሳየችው። «እዚህ ጋ።»

ጻፈ።

ሁለተኛው ቡና ተቀዳ። ዝም ብላ ክንዶቿን እያፈራረቀች ታያለች። የወደቀ ቀን እንዴት አቅፋ እንዳመጣችው፣ በየት በኩል እንደነበረች በእጇ እየሠራች ታስታውሳለች መሰለኝ።

«ቆይ» አለች። «ቀኙ ይሆን?»

ልጁ አልሰረዘውም። ከጎኑ «ወይም ቀኝ» ብሎ ጨመረበት።