ደሴቲቱ ላይ የማይነገር ነገር

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከአመሻሽ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነበር። ስልኬን አጠፋሁና ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሲከፋኝ እንቆቅልሽ እፈታለሁ፤ ታውቁኝ የለ።

የእውነተኞችና የውሸታሞች ደሴት ነው። አንዱ ሁሌ እውነት ይናገራል፣ ሌላው ሁሌ ይዋሻል፤ መልካቸው አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፈው የሒሳብ ሊቅ ሬይመንድ ስሙልያን በእንቆቅልሾቹ ስንቱን ሰው እዚህ ደሴት ላይ አስቀርቶታል!

የማታው ቀላል ነበር። ሁለት ሰዎች አሉ፤ «ሀ» እና «ለ»። «ሀ» «ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» ይላል። እውነተኛ ቢሆን ራሱን ውሸታም አይልም። ስለዚህ ውሸታም ነው። እሱ ከዋሸ ደግሞ «ሁለታችንም» ያለው ሐሰት ነው፤ «ለ» እውነተኛ ሆነ ማለት ነው። «ሀ»ን ሰረዝኩ፣ «ለ»ን ከበብኩ። ይቺን ሰዓት እወዳታለሁ። አንድ ንግግር ሁለት ሰው ይገልጣል።

ከዚያ እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። እዚያ ደሴት ላይ «ዋሽቼሻለሁ» የሚል ሰው የለም። እውነተኛው ዋሽቶ አያውቅም። ውሸታሙ ደግሞ እንዲህ ካለ እውነት መናገሩ ነው፤ አይችልም።

እሷ ግን ብላዋለች። ባለፈው ሳምንት፣ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ያኔ ዋሽቼሻለሁ።» ውሃው ይፈሳል። አንዱን ሰሃን ደጋግማ ታሻለች። እኔ የሰማሁት ውሸቱን ብቻ ነበር። ያንን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበዳት አላሰብኩም።

ፈላስፋው ጆርጅ ቡሎስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው እንቆቅልሽ ሦስት አማልክት አሉ። አንዱ እውነት ይናገራል፣ አንዱ ይዋሻል፣ ሦስተኛው እንደመጣለት ይመልሳል። መፍቻው መጀመሪያ ሦስተኛው ያልሆነውን መለየት ነው። ከሦስተኛው መልስ የሚገኝ ነገር የለም፤ ይታለፋል። ሳምንቱን ሙሉ እሷን እንደዚያ ነው ያለፍኳት። ስታወራኝ «እሺ» ብዬ ብቻ። ግን እንደመጣለት የሚመልስ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወራት ቆይቶ ይናዘዛል? አይመስለኝም። እኔም እኮ አንዳንዴ እዋሻለሁ፤ እስካሁን ግን ለማንም ተናዝዤ አላውቅም።

ሰሃኑን ደፍታ፣ እጇን አድርቃ፣ «አሁን ግን ሌላ የደበቅኩሽ ነገር የለም» ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያንን ወረቀት አውጥቼ ከ«ሀ» እና ከ«ለ» በታች ጻፍኩት። አልሰረዝኩትም፣ አልከበብኩትምም። በምን ይታወቃል?